እንደ ፈረስ የተጫነው ፍሪጅ

መብራት ያልገባበት መንደር አለ። ቧንቧ የሌለው ሰፈርም ሞልቷል። ኪሱ ውስጥ ካቻቢቴ ይዞ የሚዞር ሽማግሌ የሌለው ሰፈር ግን እስካሁን አላየሁም። እኔ ዳንግላ ተወልጄ እንጅባራ የተዳርሁ ሴት ነኝ፤ አዘና ከተማ አክስት ነበረችኝ፣ ግምጃ ቤት ከተማ አበልጅ። የሄድሁበት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አላጣሁም። በሰው በር ላይ ተንበርክኮ ማጠፊያ ያጠብቃል። ማንም አልጠራውም። በሩም ደኅና ነበር።

ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር አያ ይሄይስ ናቸው። ሙሉ ማዕረጋቸው «ሊቀ ካቻቢቴ ይሄይስ ዘእንጅባራ» ነው። ማዕረጉን የሰጠሁ እኔ ነኝ፤ ማንንም አላስፈቀድሁም። እሳቸውም መጀመሪያ ሲሰሙት ደረታቸውን ነፋ አድርገው ተቀበሉት እንጅ ለምን አላሉም።

የኮታቸው ቀኝ ኪስ ከግራው ይረዝማል። ብሎን፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ቁራጭ፣ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ የሳይክል ሰንሰለት ሁሉ ያረፈው እዚያ ነው። ሲራመዱ እንደ ጸናጽል ይሰማሉ። ጆሯቸው ደግሞ የጉድ ጆሮ ነው። ስማቸውን እየጠራሽ ብትጮሂ አይሰሙም፤ የላላ ነገር ቀጭ ሲል ግን አጥር ተሻግሮ ይደርሳቸዋል። «ሰማሁት!» ይላሉ። ከዚያ ይመጣሉ። ዕቃው ቢጣመምም፣ ቢዝግም፣ ለሁለት ቢከፈልም የሚሰጡት ፍርድ አንድ ነው፦ «ላልቷል እንጅ አልሞተም!»

አንድ ጊዜ ባጃጅ ላይ አብሬያቸው ተሳፍሬያለሁ፤ እናንተን አይግጠማችሁ። ከመናኸሪያው ገና ፈቀቅ እንዳልን «አቁም!» አሉ። ሾፌሩ ሰው የገጨ መስሎት ደንግጦ ቆመ። አያ ይሄይስ ወረዱና የጎን መስታወቱን ማጠበቅ ጀመሩ።

«ኧረ አባቴ፣ ከኋላዬ መኪና አለ!» አለ ሾፌሩ።

«መስታወትህ ሰማይ ሰማይ እያየ ከኋላህ መኪና መኖሩን በምን ዐወቅህ?»

መልሱን ከኋላችን የቆሙት በክላክስ ነገሩን።

ለቅሶ ቤትም አይተርፍም። የእድራችን ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ በአግዳሚ ተቀምጠን ስናለቅስ የአግዳሚው አንድ እግር ተንቀጠቀጠ። ሊቀ ካቻቢቴ ከወንዶቹ በኩል ሰሙት። ጎንበስ ብለው መጡ፤ ሥር ገቡ። ከዚያ አግዳሚው ከእነ አልቃሾቹ ወደ ላይ ብድግ አለ። አጠገቤ ያለችው የሟች እኅት «ወየው ወንድሜ፣ ወየው ወን… ኧረ አያ ይሄይስ!» ስትል ድንኳኑ በሙሉ አፉን በነጠላ ሸፈነ። እሷ ራሷ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በልቅሶ ይሁን በሳቅ እግዜር ይወቀው። ከሥር ደግሞ ድምፅ መጣ፦ «ላልቷል እንጅ አልሞተም!» በለቅሶ ቤት እንዲህ ይባላል?

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ከዲጃም ቀምሳቸዋለች። የግቢዋ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ሰሙና ሄደው አጠበቁት። ጠብታው ቆመ። ውኃውም ቆመ። ከዚያ ወዲህ ከዲጃ ውኃ በፈለገች ቁጥር ጀሪካኗን ይዛ በራቸው ላይ ትቆማለች።

«አያ ይሄይስ፣ እባክዎ ቧንቧዬን ይክፈቱልኝ፤ ልብስ ዘፍዝፌያለሁ።»

«አየሽ፣ ሥራ ማለት እንዲህ ነው! ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለም» ይሏታል እየኮሩ።

ሚስታቸው እታለማሁ ግን አትኮራም። የእሷ የጓዳ በር ማጠፊያው ከወለቀ ስንት ዘመኑ ነው፤ በገመድ ታስረዋለች። «ባሌ የአገሩን በር ያጠብቃል፤ የኔ በር ግን ሲነፍስ ራሱ ይዘፍናል» ትላለች። እሳቸው ምን ቢመልሱ ጥሩ ነው? «የራስ ቤት የት ይሄዳል?»

እኔ መቸም ይህ አመል ከየት እንደ ጀመረ አውቃለሁ። ነጠላ መልበስ የጀመርሁ ሰሞን፣ ከዳንግላ ለበዓል መጥቼ ነው። የፈረሰኞቹ በዓል ዕለት ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተሞልቷል፤ ወጣቶቹ በፈረስ ይጋልባሉ። ይሄይስ ያኔ «አያ» አልነበረም፤ ቀጭን፣ ጎፈሬው የተበጠረ፣ ልጃገረድ ባለችበት በኩል ሁለት ጊዜ የሚያልፍ ጎረምሳ ነበር። በእኛ በኩል ሲደርስ የኮርቻው የሆድ ጠፍር ላላ። ኮርቻው ዞረ። ፈረሱ ከላይ፣ ይሄይስ ከሥር ሆነው በፊታችን አለፉ። እግሩ ከእርካቡ አልወጣም፤ ጎፈሬው ሣር ይጠርጋል። የዚያን ዕለት እንደ እኔ የሳቀ የለም። ዛሬም ሳስበው ጎኔን ያመኛል።

አልተጎዳም ደግነቱ። ግን ቤቱ ገብቶ በገዛ እጁ አዲስ ጠፍር ጎነጎነ። ያ ጠፍር ከዚያ ወዲህ በጫነው ፈረስ ሁሉ ላይ አንድ ቀን ላልቶ አያውቅም። ሰውየውም ከዚያ ቀን ወዲህ የላላ ነገር አይቶ ማለፍ አልቻለም።

እንግዲህ ወደ ፍሪጄ ልምጣ።

ልጄ ሶስና ባሕር ዳር ነው የምትኖር። አባቷ ካረፈ ወዲህ የእኔ ብቻዬን መሆን እንቅልፍ ይነሳታል። ፍሪጁንም በአይሱዙ አስጭና የላከችልኝ እሷ ናት። «እማየ፣ አብስለሽ አስቀምጭበት፤ በየቀኑ እሳት ላይ አትጎንበሽ» አለችኝ። ፍሪጁ ገባ። ጎረቤቱ «እንኳን ደስ አለሽ» ሊለኝ መጣ። እንኳን ደስ አለሽ ያለ ሁሉ ሲመለስ ባዶ እጁን ነው፤ ይዞ የመጣው ውስጥ ቀርቷል። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ደግሞ አብሮ አያድርምና ድንበር አበጀንለት፦ ላይኛው መደርደሪያ የእኛ፣ ታችኛው የከዲጃ። መካከል ላይ ወተትና ቲማቲም ገለልተኛ ሆነው ሰላም ያስከብራሉ።

ባለፈው ክረምት ሶስና ስትመጣ ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ የደጁ ደረጃም ተሰብሯል። አየችው። ጥር ሲገባ ደወለች።

«ለፈረሰኞቹ በዓል እመጣለሁ፣ እማየ። ቤቱን አያለሁ። አሁንም አንድ የተበላሸ ነገር ካገኘሁ ይዤሽ ነው የምመለስ።»

ሶስና ስትናገር ቀልድ የላትም፤ አባቷን ነው።

ባሕር ዳር መቸም አገሩ ጥሩ ነው። ሐይቁም ደስ ይላል። ግን በዚህ ዕድሜዬ ሰው «ማናት?» ብሎ የሚጠይቅበት አገር ሄጄ ምን እሆናለሁ? እዚህ ሳስነጥስ ከየአጥሩ «ይማርሽ!» ይሉኛል።

ስለዚህ ጣሪያውን አስመታሁ። ደረጃውን በሲሚንቶ አስደፈንሁ። ለሶስና ምሳ ሥጋውን ጠብሼ፣ አይቡን አዘጋጅቼ ፍሪጅ ውስጥ አኖርሁ። ነገ ልትገባ፣ ዛሬ ወተት ላወጣ እጀታውን ሳብ ባደርገው ቀጭ አለና በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ ቀረ።

እጄን አፌ ላይ ጫንሁ፤ እንደ እኔ ሆኖ ፍሪጁም ዝም የሚል መስሎኝ። አልሆነም።

«ሰማሁት!» አለ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ።

ከገበያው አጠገብ ያለው የፍሪጅ ሠራተኛ ለበዓሉ አገሩ ገብቷል። ምን አማራጭ አለኝ? ሊቀ ካቻቢቴ እየተንቀጫቀጩ ገቡ፤ ተንበረከኩ፤ ጆሯቸውን ፍሪጁ ላይ ለጥፈው እንደ ሐኪም አዳመጡ።

«ላልቷል እንጅ አልሞተም! የታችኛው ቀዳዳ ጥርሱን ጨርሷል፤ ልክ እንዳንች።»

«ይልቅ የራስዎን ይቁጠሩ!» አልኋቸው።

የክብሪት እንጨት ሰብረው ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቁ፤ ኮላ ጨመሩበት፤ ብሎኑን አዞሩ። ያዘ።

«አሁን ኮላው እስኪደርቅ መታሰር አለበት» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ሶስና መች ናት?»

«ነገ ጠዋት።»

«የተበላሸ ነገር ካየሁ ይዣት እሄዳለሁ አለች አሉ። እታለማሁ ነገረችኝ።»

«ብላለች» አልሁ።

ካቻቢቴያቸውን ኪሳቸው ውስጥ ጣል አድርገው ወጡ። ሲመለሱ የረጠበ ጠፍር በትከሻቸው ጥለዋል።

የቆዳ ነገር ታውቃላችሁ። ጠፍር እርጥቡን ይታሰራል፤ ሲደርቅ ይሰበሰብና ያንቃል። የጠፍር አልጋ የሚጠብቀውም በዚሁ ነው። አያ ይሄይስ ፍሪጁን ከእነ እጀታው ዙሪያውን በዚያ ጠፍር አስታጠቁት። አንድ እግራቸውን ጎኑ ላይ ተከሉ፤ ወደ ኋላ ተለጥጠው ሳቡ። ከዚያ ቆም ብለው የፍሪጁን ሆድ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ምን እየሠሩ ነው?» አልሁ።

«ሆዱን ነፍቶ እንደ ሆነ ብዬ ነዋ። ፈረስ ተንኮለኛ ነው፤ ሲጭኑት ትንፋሹን ይይዛል። ትንሽ ታግሠሽ ደግመሽ ስትስቢው ነው የምታገኚው።»

«አያ ይሄይስ፣ ይሄ እኮ ፍሪጅ ነው!»

ያን ጊዜ ፍሪጁ፣ እንደ ልማዱ፣ እፍፍ ብሎ ሞተሩን አቆመ።

«አላልሁሽም?» አሉና አንድ ስንዝር ጨምረው ሳቡት። ቋጠሩ። «እስኪነጋ እንዳትነኪው።»

የፍሪጅ ጎን እንደሚሞቅ እሳቸውም አላሰቡት፣ እኔም አላሰብሁት። ሲነጋ ጠፍሩ አጥንት ሆኗል። ቋጠሮው ድንጋይ ነው። በሩ ንቅንቅ አይልም። ወተቱ ውስጥ ነው፤ ሥጋው ውስጥ ነው፤ የሶስና ምሳ ውስጥ ነው። የቤቴ አንዱ የተበላሸ ነገር ደግሞ ቆዳ ታጥቆ መካከል ላይ ቆሟል፤ ከደጅ ይታያል።

ከዲጃ መጣች። «እት እንቁ፣ ሥጋዬን ልውሰድ» አለችኝ።

«ሥጋሽ ታስሯል።»

«ምን አድርጎ?»

መልስ ሳልሰጣት ስልኬ ጮኸ። «እማየ፣ ዳንግላን አልፌያለሁ» አለች ሶስና።

ደሜ ፈላ። አያ ይሄይስን አስጠራኋቸው፤ ከእነ እታለማሁ መጡ። ቢላዋ አነሣሁ። አንቱታውም ከአፌ ወደቀ።

«አንተ ሰውየ! ምን አደረግኸኝ? አሁን ልጄ ስትገባ ምን ልበላት? ፍሪጁን ለጉግስ አዘጋጅቼዋለሁ ልበላት?»

እሳቸው ቢላዋውን ያያሉ። ጠፍሩን በአንድ እጄ ይዤ ላሳርፍበት ስል እታለማሁ ክንዴን ያዘችኝ።

«እንቁ፣ ያ ጠፍር እኮ ነው።»

«የቱ?»

«የኮርቻው። ከወደቀ በኋላ የጎነጎነው።»

ዳማው፣ የመጨረሻ ፈረሳቸው፣ ከሞተ ወዲህ ያ ኮርቻ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚኖር። አቧራውን እንኳ ራሳቸው እንጅ እታለማሁ አታራግፈውም። ትናንት የወጡት ያንን ሊፈቱ ነበር። በውኃ ነክረው ለእኔ እጀታ አመጡት።

«ቁረጭው» አሉ አያ ይሄይስ። «እኔ እንደሁ ፈረስ የለኝ። ልጅሽ ደረሰች።»

ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ።

«አልቆርጥም። ያሰሩ እርስዎ፣ እንዴት እንደሚፈታም እርስዎ ይንገሩኝ።» አንቱታው ተመልሷል።

«በውኃ ነው እንጅ። ሲርስ ይላላል። ግን ቶሎ አይደለም።»

ከዲጃ ጀሪካን አንሥታ ወደ ቧንቧዋ ሮጠች። ባዶውን ይዛ ተመለሰች፤ ቧንቧው የማን እጅ እንዳረፈበት ረስታው። የእኔን ባልዲ ያዝን። ፍሪጁን ከሶኬቱ ነቀልነው። ውኃ አሞቅን፤ ጨርቅ ቀደድን። እታለማሁ በቀኝ ጎኑ፣ ከዲጃ በግራው፣ እኔ ከፊት ሆነን ጨርቁን እየነከርን በጠፍሩ ላይ እናኖራለን፣ እናነሣለን። አያ ይሄይስ ተንበርክከው ቋጠሮውን በጥርሳቸው ይዘዋል።

ስልኬ እንደገና ጮኸ። «አዲስ ቅዳም ደርሻለሁ» አለች ሶስና።

«ምነው ሾፌሩ እንዲህ ይነዳል!» አለች እታለማሁ።

«እኛም እየነዳን ነው፤ አጥብቂ!» አለች ከዲጃ።

«ኧረ አታጥብቂ፤ አላሊ!» አልሁ፤ ሦስታችንም በሳቅ ወደቅን።

በሩ ተከፈተ። የፍሪጁ አይደለም፤ የቤቱ። ሶስና ቦርሳዋን እንደ ያዘች ደፍ ላይ ቆመች። የሞቀ ውኃ በባልዲ፣ እርጥብ ጨርቅ የያዙ ሦስት ሴቶች፣ መሬት ላይ የተንበረከኩ ሽማግሌ አየች።

«ማን ነው የታመመው?»

«ፍሪጁ» አለች ከዲጃ ጨርቋን ሳታነሣ።

ሶስና ቀረብ ብላ ጠፍሩን ነካችው። እኔን አየችኝ። «እኮ፣ እማየ፣ ምን ብዬሽ ነበር?»

ያን ጊዜ ነው «ፈታሁት!» የሚል የታፈነ ድምፅ ከሥር የመጣ። ቋጠሮው ወለቀ። አያ ይሄይስ ጠፍሩን በአፋቸው እንዳንጠለጠሉ ብድግ አሉ። ጥርሳቸውን ቆጠርሁ፤ ያለው ሁሉ በቦታው ነው።

«ነይ ልጄ፤ ሳቢው። አትፍሪ፣ አጥብቀሽ ሳቢው!»

ሶስና እጀታውን ያዘች። እኔ ዐይኔን ጨፈንሁ። ሳበች። እጀታው አልተነቃነቀም፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ሶስና ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች።

«ይሄ ቅቤ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች እታለማሁ።

«ወተቱስ?»

«ከኔው ላም» አለች አሁንም እታለማሁ።

«ይሄስ ሥጋ?»

«የኔ ነዋ። ድንበሩን እንዳታልፊ» አለች ከዲጃ።

«የዐይን ጠብታውስ?»

«የጎረቤታችን የአባ ገብረ ማርያም» አልሁ። «ሐኪሙ ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት ብሏቸው ነው። ጥብሱና አይቡ ደግሞ ያንች ምሳ ነው።»

«ያንችስ የትኛው ነው፣ እማየ?»

አሰብሁ። ላይኛውን አየሁ፣ ታችኛውን አየሁ፣ ገለልተኞቹንም አየሁ።

«እጀታው» አልሁ።

ሶስና መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ቦርሳዋን ጣለች፤ እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንደ ልጅነቷ። ዐይኗን ጠርጋ ግን ነገሯን አልተወችም።

«እሺ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ቢላላስ? አንችም እኮ እየደከምሽ ነው።»

አያ ይሄይስ ጠፍሩን እየጠቀለሉ ጣልቃ ገቡ።

«ልጄ፣ እናትሽ ላልታለች እንጅ አልሞተችም። የላላ ብሎን ደግሞ እዚያው ባለበት ያጠብቁታል እንጅ አይነቅሉትም። ከነቀልሽው ቀዳዳው ይሰፋል።»

የላልሁ መባሌን በሌላ ቀን እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ዋጥ አደረግሁት። ሶስና እሳቸውን አየች፣ ሁለቱን ሴቶች አየች፣ ጨርቄን ያልጣልሁ እኔን አየች።

«ይዤሽ ብሄድስ» አለች በመጨረሻ፣ «ይሄን ሁሉ ሰው ባሕር ዳር የት አስቀምጠዋለሁ?»

ምሳችንን በልተን ሁላችንም ወደ ሜዳው ወጣን። ፈረሶቹ ያማሩበት ቀን ነበር። አንዱ ጎልማሳ በፊታችን ሲያልፍ አያ ይሄይስ ከሕዝቡ መካከል «ጠፍርህ!» ብለው ጮኹ። ፈረሰኛው ጎንበስ ብሎ አየ፤ እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሰጣቸው፤ ወርዶ አጠበቀ። እሳቸው ወደ እኔ ዞር አሉ። እኔ ያ የጎፈሬው ነገር ትዝ ብሎኝ በነጠላዬ ተሸፍኜ እየሳቅሁ ነበር።

«ዛሬም ይሄን አልረሳሽውም?» አሉኝ።

«ይረሳል እንዴ!»

ጠፍሩ ወደ ኮርቻው ተመልሷል። ሶስና ከባሕር ዳር አዲስ እጀታ ልካልኛለች፤ ከእነ ብሎኑ፣ የሚያበራ፣ በወረቀት የተጠቀለለ። የልብስ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ምን ያጣድፈኛል?

ዛሬ ጠዋት ወተት ላወጣ አሮጌውን እጀታ ሳብ ሳደርገው ቀጭ አለ። ጆሮዬን ጣልሁ። ከአጥሩ ማዶ ምንም የለም። ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው፤ ጆሮም ይላላል። በርጩማውን ለእሳቸው ፍሪጁ ፊት አስጠጋሁና እጀታውን ደግሜ፣ ጠንከር አድርጌ ሳብሁት።

«ሰማሁት!»